ሻምበልና የማይሸሸው ጠላት

«ይኸው፣ ዛሬም ጅራቷን ቦጨቀው» አለች ቃሪያ። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የለቅሶ ሳይሆን የክስ ነበር።

እውነቷን ነው። ቢጫዋ ዓሣ የተቦጨቀ ጅራቷን ይዛ ከአኳሪየሙ ጥግ፣ ከማጣሪያው ቱቦ ጀርባ ተሸጉጣለች። ጥፋተኛው ዓሣ ሻምበል ደግሞ ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ ሰማያዊ ክንፎቹን እንደ ካባ ዘርግቶ፣ ውሃው ውስጥ ከተቀመጠችው ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ፊት ለፊት ይንጎራደዳል።

አባታቸው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ አየ። ቢጫዋን አየ፣ ሻምበልን አየ፣ የትንሿ ልጁን እንባ አየ።

«በቃ» አለ። «ቅዳሜ ሆቴሉ ጋ መስኮት ልገጥም እሄዳለሁ። ይዤው ሄጄ ግቢው ውስጥ ያለው ኩሬ ውስጥ እጨምረዋለሁ።»

ኩሬው ውስጥ ምን እንዳለ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ክንድ የሚያካክሉ አምባዛዎች አሉ፤ ዳቦ ሲወረወርላቸው እንኳ የሚሻሙት ለጉድ ነው። ሻምበል ደግሞ ያ ሁሉ ኩራቱ ተደምሮ ከአንድ ጣት አይበልጥም።

«አባዬ፣ ጉዳዩ ሳይታይ አይፈረድበትም» አለች ታላቂቱ እህት።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ጠበቃ ነው የሚሏት። ወተት የደፋች ድመት ትሁን፣ የቤት ሥራዋን ያልሠራች የክፍል ጓደኛ፣ ጠበቃ ሳትከራከርለት ያለፈችው ፍጡር የለም። ችግሩ መሸነፍ አለማወቋ ነው። ከእናቷ ጋር ስለ ሰሃን አጠባ የጀመረችው ክርክር ሰሃኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተበልቶበትም አያልቅም። በክርክር መሀል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከምትል እራቷን ብትከለከል ይሻላታል።

አባቷ ዓሣ ምን ብሎ ሊናገር ነው ሲላት፣ እኔ እናገርለታለሁ፣ ብቻ እስከ ቅዳሜ ስጠኝ አለችው። ሳቁን ዋጥ አደረገና ቀጠሮውን ሰጠ። ቃሪያ ግን አልሳቀችም። ቢጫዋ የሷ ናት፤ ሻምበል ደግሞ የእህቷ።

አባታቸው መስታወት ቆራጭ ነው። የሰፈሩ መስኮት ግማሹ የእጁ ሥራ ነው። ይህንንም አኳሪየም ጠበቃ ስምንተኛ ክፍልን ስታልፍ ሠርቶ የሰጣት እሱ ነው። ሦስቱን ጎን በንጹህ ብርጭቆ፣ የኋላውን ግን ፊት በሚያሳይ መስታወት ነው የሠራው። አኳሪየሙ የተቀመጠው በሳሎኑና በጠበቃ የጥናት ጠረጴዛ መካከል ነው። ከሳሎን በኩል ላየው ዓሦቹ እጥፍ ሆነው ይታያሉ፤ ከጠረጴዛዋ በኩል የሚታየው ግን የመስታወቱ ግራጫ ጀርባ ብቻ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቷ ገና ሳያስቀምጠው ወደ አኳሪየሙ ይወስደዋል። «ስንት ዓሣ ይታይሃል?» ይለዋል። እንግዳው ተሳስቶ ሲቆጥር አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

ዓሣ ሻጩ ሻምበልን ሲሸጥላቸው ዘሩ ሲክሊድ እንደሚባልና ትንሽ ቁጡ ነገር እንደሆነ ነግሯቸው ነበር። «ትንሽ» የሚለውን በምን እንደለካው እሱ ያውቃል።

ጠበቃ በመጀመሪያ ነገሩ ርሃብ መሰላት። የራበው ሰውም ይነጫነጫል ብላ ምግቡን ጨመረችለት። ሻምበል በላ፣ ጠገበ፣ ከዚያም ቢጫዋን በአዲስ ጉልበት ያሳድዳት ጀመር። «ስንቅ አቀበልሽው» አለቻት ቃሪያ።

ቀጥላ ጠቡ በማሰሮው ነው አለችና ማሰሮውን አወጣችው። ይኼኛው ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ማሰሮው እያለ ሻምበል የሚጠብቀው ደጃፉን ነበር፤ ማሰሮው ሲወጣ ውሃው በሙሉ ደጃፉ ሆነ። ቢጫዋ የምትሸሽበት ጠፋት።

ያን ጊዜ ጠበቃ አንድ ነገር ገባት። እሷና ቃሪያ የሚተኙት በአንድ ክፍል ነው። ወለሉ ላይ የተሰመረ ነገር ባይኖርም ድንበሩን ሁለቱም ያውቁታል፤ የአንዷ ካልሲ ወደ ሌላዋ ወገን ከተሻገረ ጦርነት ነው። አንድ ጊዜ እናታቸው ክፍሉ እንዲያምር ብላ አልጋዎቹን ብታዟዙር፣ አዲሱ ድንበር እስኪለይ ድረስ ዱላ ቀረሽ ጠብ ነበር። ሻምበል ክፉ ስለሆነ አይደለም ለካ። ቤት ያለው፣ ግን ድንበሩ የጠፋበት ዓሣ ነው።

ማሰሮውን መለሰችለት። በሌላው ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ደራርባ ለቢጫዋ መግቢያና መውጫ ያለው ጎጆ ሠራችላት። መሀል ላይ ደግሞ አንዱ ሌላውን እንዳያይ ረዘም ያለ ድንጋይ አቆመች። ነገሩ ረገብ አለ። ረገበ እንጂ አልበረደም።

የቀረው ነገር ነው ግራ ያጋባት። ሻምበል ማንም ወደሌለበት ወደ ኋላው ግድግዳ ይሄዳል። ጉንጩን ይነፋል፣ ክንፉን ይዘረጋል፣ ከዚያም ግንባሩን ያላትማል። ይመለስና ያንኑ ይደግማል። የላይኛው ከንፈሩ ተልጧል። እዚያ ሲደክመው ንዴቱን ቢጫዋ ላይ ይወጣል። ቃሪያ አብዷል አለች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ የረሳውን መነጽር ልታደርስለት ወደ ወርክሾፑ ሄደች። በሩ ላይ ሩጫና ጩኸት ተቀበላት። የጎረቤት አውራ ዶሮ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ ትልቅ መስታወት ጋር ገጥሟል። አንገቱን ነፍቶ ይዘላል፣ ይነቁራል፣ ይወድቃል፣ ተነስቶ እንደገና ይዘላል። አባቷ ጆንያ ይዞ እየሳቀ ወጣ።

«ይሄ ሞኝ ከራሱ ጋር እንደተጣላ ሊሞት ነው» አለ። «እውነተኛ ዶሮ ቢሆን አንዴ ነቁሮት፣ ያኛውም ሸሽቶለት፣ ያርፍ ነበር። ይሄኛው አይሸሽማ።»

ጆንያውን መስታወቱ ላይ ጣል አደረገው። ዶሮው ጠላቱን በግራ ፈለገው፣ በቀኝ ፈለገው። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ አንዴ ጮኸና፣ አሸነፍኩ ብሎ መሆን አለበት፣ እየተጎማለለ ሄደ።

ጠበቃ መነጽሩን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባቷ ምን ሆንሽ ሲላት ምንም አለች። ለወትሮው ምንም ብላ የምታልፍ ልጅ አይደለችም።

መንገዱን ሁሉ በደስታም በጭንቀትም ስትቃጠል ሄደች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው፤ ጥፋቱ የመስታወቱ ሆኖ ፍርዱ የሻምበል ሊሆን ነው። መስታወቱ ደግሞ የአባቷ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚኮራበት፣ በእጁ ቆርጦ በፍቅር የሰጣት።

ከእናቷ ባለ አበባ የጠረጴዛ ፕላስቲክ የተረፈውን ቁራጭ አገኘች። አጥባ ውሃው ውስጥ አስገባችና ከመስታወቱ ፊት አቁማ በድንጋይ ደገፈችው። ሻምበል እንደ ልማዱ ለውጊያ መጣ። ማንም የለም። ወደ ላይ አለ፣ ወደ ታች አለ፣ ዞር ዞር አለና ወደ ማሰሮው ተመለሰ። በማግስቱ ቢጫዋ ከጎጆዋ ወጥታ እስከ መሀሉ ድንጋይ መጣች። ሻምበል ተነሳባት፤ አባረራትም፤ ግን እስከ ማሰሮው ደጃፍ ጥግ ብቻ። እዚያ ሲደርስ ቆመና ተመለሰ።

ቃሪያ ትንፋሿን ይዛ ስታይ ቆይታ «ተዋት» አለች። «እይው፣ ተዋት።» ሁለቱ እህቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳሎኑን በዝላይ አናወጡት።

እናታቸው የስፌት መኪናዋን አቆመች። ነገሩን ከመጀመሪያው ሰማች፤ ብልህ ሴት ናት፣ ወዲያው ገባት።

«አባትሽ ሲጠይቅሽ ለጌጥ ነው በይው» አለቻት። «ዓሣው ይተርፋል፣ የአባትሽም ሆድ አይባባም። ምን ይጎድላል?»

ጠበቃ አሰበችበት። ቀላል ነበር፤ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ፕላስቲኩ ዳሩ እየተጠቀለለ ያስቸግራል። በተጠቀለለ ቁጥር መስታወቱ በቀጭኑ ይታያል፤ ሻምበልም ያችኑ ቀጭን ቦታ አግኝቶ ውጊያውን ይጀምራል። ውሸትም እንዲሁ ነው መሰላት፣ ዳሩን ሁልጊዜ እየጠበቁ መኖር ነው። ደግሞ ማስረጃ የሚደብቅ ጠበቃ ምን ጠበቃ ነው?

ዓርብ ማታ አባታቸው ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ ገባ። ባልዲውን ሲያስቀምጥ ፕላስቲኩን አየው። ፊቱ ቅጭም አለ።

«መስታወቴን ማን ነው ያለበሰው?»

እናታቸው ወደ ጠበቃ አየች። ለጌጥ ነው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«እኔ ነኝ አባዬ። ሻምበል የሚጣላው ከራሱ ጋር ነው፤ እንደ ዶሮው። ጠላት አለብኝ ብሎ ያስባል፤ ያ ጠላት ደግሞ አይሸሽም።»

«ዓሣና ዶሮ አንድ ሆኑ እንዴ?»

«እኔን አትመነኝ፤ አንተው እይ።»

እጅጌዋን ሰብስባ ፕላስቲኩን አወጣችው። አባቷ ከአኳሪየሙ ፊት ቁጢጥ አለ። ሻምበል ከማሰሮው ወጣ፣ ወደ ኋላው ግድግዳ ሄደ፣ ጉንጩን ነፋ። መስታወቱ ውስጥ ያለውም ነፋ። ሻምበል ከመስታወቱ ጋር ተላተመ። በተላጠ ከንፈሩ እንደገና ተላተመ። አባቷ ጠጋ ብሎ አየ። ሻምበልን ብቻ ሳይሆን፣ ከሻምበል ኋላ መስታወቱ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የሚያየውን የራሱን ፊትም አየ።

ፕላስቲኩን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ራሱ መለሰው። ሻምበል ዞር ዞር አለና ወደ ቤቱ ገባ።

«እኔ እኮ እንዲያምር ብዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አምሮ ነበር አባዬ። ለእኛ።»

ከዚያ የአባቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠበቃ ደነገጠች፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ትናንት ዶሮውን ሞኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ዐይኑን እየጠረገ። «ቤቴ ውስጥ ዶሮ አሳድጌ። ሂጂ ምላጬን አምጪልኝ። የመስታወቱ ብር የተቀባው በውጭ በኩል ነው፤ ውሃው ሳይነካ ይላጣል።»

አኳሪየሙን በጨርቅ ከደኑት። አባቷ በጥናት ጠረጴዛዋ በኩል ተንበርክኮ፣ ስንት ወር የኮራበትን ሥራ በገዛ እጁ መላጥ ጀመረ። ግራጫው ቅብ እየተፈረፈረ ጋዜጣው ላይ ወረደ። በመጀመሪያ ጣት የምታህል ብርሃን ገባች፤ ቀጥሎ የመሀሉ ድንጋይ ታየ፤ ቀጥሎ ቢጫዋ፤ ከቢጫዋ ማዶ ደግሞ ብርጭቆው ላይ የተጨፈለቀው የቃሪያ አፍንጫ። አንዷን ጥግ፣ መዳፍ የምታህለውን፣ ሳይላጣት ቆመ።

«ይቺን እንኳ ለመታሰቢያ ብተዋት?»

ጠበቃ አባቷን አየችው። ዐይኖቹ እንደ ልጅ ይለምናሉ። አንጀቷን በላት፤ ቢሆንም ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ፍርዱ ይግባኝ የለውም፣ አባዬ።»

«ካልሽ» አለና ላጣት።

ቅዳሜ ጠዋት ባልዲው ከአባታቸው ጋር ወደ ሆቴሉ ሄደ። ውስጡ የነበረው መዶሻና የመስታወት መቁረጫ ብቻ ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ዓሦቹን ሳይሆን ጠበቃዋን ነው የማሳየው አለ። ጠበቃ አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች፤ ደስታዋ ግን በመዳፍ የሚሸፈን አልነበረም።

መጽሐፏን ይዛ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። ግራጫው ግድግዳ የለም፤ ጸሐይ ውሃውን አልፋ ደብተሯ ላይ ትወዛወዛለች። ሻምበል አያት። ከማሰሮው ወጥቶ እየተንጎራደደ መጣና ፊቷ ላይ ቆመ። ጉንጩን ነፋ፣ ሰማያዊ ክንፎቹን ዘረጋ። ዛሬ ያገኘው ጠላት የቤት ያህል ነው፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጠበቃም ንቅንቅ አላለችም፤ ልማዷ ነው። ዐይን ለዐይን ተፋጠጡ። ከንፈሩ ላይ ያለው ቁስል መድረቅ ጀምሯል።

ከወንበሯ ተነሳችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሻምበል ትንሽ ቆየ። ጠላቱ ሸሽቷል፤ እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ከዚህ ግድግዳ በኩል የሸሸለት ጠላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ክንፎቹን ሰበሰበ፣ ቀስ ብሎ ዞረና እየተጎማለለ ወደ ማሰሮው ገባ።

ጠበቃ ድምፅ እንዳታሰማ ተጠንቅቃ ጠረጴዛውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳበችው።