በጠራራ ፀሐይ የበራ መብራት

አዛውንቱ የቤት ባለቤት በሩ ፊት ለፊት፣ ከደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው አዲሷ ተከራይ፣ የአምስት ልጆች እናት ናት። «ልጅ ይበዛል» እየተባለች ከስንቱ ደጅ ስትመለስ ከርማ፣ ይህን ባለ ሦስት መኝታ ቤት ሽማግሌው ገና ትናንት ሊያከራዩአት በአፋቸው ቃል ሰጥተው ቁልፉን አስጨበጧት። ዛሬ ደግሞ ሰዉ ሁሉ የጥርጣሬ ዓይኑን እሷ ላይ ጣለ።

መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ቤቱን ዞረች። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ የየክፍሉ መብራት ግን በርቷል። መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሏል። የማድቤቱም የመታጠቢያ ቤቱም ቧንቧ ይንዠቀዠቃል። ወይ ጉድ፣ አለች በሆዷ፤ ሌባ እንዲህ አይደክምም።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

«እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነው የጮህኩት፤ ጎረቤት ይጠየቅ» አለች እናትየዋ አንገቷን ቀና አድርጋ። «ደግሞስ ቤት የሰጡኝን ሰው ምን ሆኜ ነው የምገድለው?»

መርማሪዋ ወደ ሟች ልጅ ዞረች። «አባትሽ መብራት ያበዙ ነበር?»

«አባቴ? ከኋላዬ እየተከተለ የሚያጠፋ ሰው! እኔ እንኳ ከሥራ ተጠርቼ ነው የመጣሁት፤ ይህችን ተከራይ ጠይቂያት።»

ቤቱን የሚያከራየው ደላላ ዘና ብሎ ቆሟል። «ቁልፍ አለኝ፣ አልዋሽም። ዛሬ ግን እግሬ እዚህ አልረገጠም። አንድ ድርጅት ለቢሮ ፈልጎት ነበር፤ ሽማግሌው ለሷ ሰጠሁ አሉ፣ ቀረ።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ መብራቱን አጥፍታ፣ መስኮቱንም ቧንቧውንም ዘግታ፣ ሦስቱንም ወደ ላይ ይዛቸው ወጣች።

«ለቢሮ የሚሆነው የትኛው ክፍል ነው? እስቲ አሳየን» አለችው ደላላውን።

ቀድሟቸው ገባ። ማብሪያውን ተጫነ። መስኮቱን ከፈተ። አልፎ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ለቀቀው።

«ቧንቧውን ለምን?»

«ባዶ የከረመ ቤት መጀመሪያ ዝገት ነው የሚያወጣው። ደንበኛ ሳይደርስ ማፍሰስ...»

«ሟች መብራት ያጠፋሉ እንጂ አያበሩም» አለች መርማሪዋ። «ልጃቸው ሥራ ቦታዋ ነበረች፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ይህችን ሴት ጎረቤቶች ያገኟት በሩ ላይ ነው። ጠዋት ቤቱን ለደንበኛ ያሰናዳው አንተ ነህ። ድርጅቱ መጥቶ ቤቱን እንዲያይ በድብቅ ቀጥረኸው ነበር። ሽማግሌው ደርሰውብህ ተጣላችሁ፣ ገፋሃቸው። ደንግጠህ ስትሸሽ መብራቱም ውሃውም ትዝ አላለህም።»

ደላላው ቧንቧውን ዘጋ። «እምቢ አሉኝ። ገፋ ነው ያደረግኳቸው እንጂ ይሞታሉ ብዬ አይደለም።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ የሟች ልጅ ወደ እናትየዋ ዞረች። «በከንቱ ጠርጥሬሻለሁ፣ ይቅርታ። ግን ቤቱ አሁን የኔ ነው። አምስት ልጅ አላስገባም።»

እናትየዋ ደረጃውን ወርዳ፣ ልጆቿና ዕቃዋ የተጫኑበት መኪና ወደቆመበት ሄደች። የሟች ልጅ ከላይ በመስኮት አይታ፣ የምትሄድላት መስሏት እፎይ አለች።

«አባትሽ ለአምስት ልጅ ብለው ነው የሰጡኝ» አለቻት እናትየዋ ከደጅ ወደ መስኮቱ ቀና ብላ። «ልታስወጪኝ ከፈለግሽ ክሰሺኝ። አባቴ ቃል አልሰጠም ብለሽ ዳኛ ፊት ስትምይ ዓይንሽን አያለሁ።»

ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረች። «መጀመሪያ የልጆቹን አልጋ አውርዱ።»