የተሸፈነው አራት ቁጥር

«ትናንት ማታ ይሠራ ነበር እኮ!» አለ ቀይ የሱፍ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ፣ ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ወደለበሰው አራት ቁጥር የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር በጣቱ እየጠቆመ። «ዳቦ ልገዛ ስመጣ አንድ ነጭ ቫን ተሰክቶበት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በአንድ ሌሊት ምን ነካው?»

ኤልድሪድ የስም ዝርዝር የያዘውን ሰሌዳ ደረቷ ላይ ለጠፍ አደረገች። «ተበላሽቷል። ጠዋት ስንገባ ነው የሸፈንነው።»

«ማን ነው ተበላሽቷል ያለው?»

«ጓደኛዬ ደውላ አረጋግጣለች።»

«እህ» አለ ሰውዬው። ያቺ «እህ» ከስድብ ትብስ ነበር። «የመንደሩ ሰው ለራሱ ሰው ደብቆ ያስቀምጣል፣ እኛ መንገደኞቹ እዚህ በብርድ እንቆራመዳለን። አውቃለሁ እኔ።» ይህን ብሎ ወደ መኪናው ገባና በሩን ድው አድርጎ ዘጋው። በዝርዝሩ ላይ ስሙ ቶርሞድ ነው፤ ተራው ስድስተኛ፣ ባትሪው ስልሳ ስምንት በመቶ።

ኤልድሪድ እስከ ጆሮዋ ቀላች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቢጫውን ሰደሪያ ከለበሰች ደግሞ ገና አራተኛ ቀኗ። በፋሲካ ሳምንት ከሱቁ ጀርባ ያሉትን ስድስት ፈጣን ቻርጀሮች ሥርዓት እንዲያስይዙ እሷንና ቲሪልን የቀጠራቸው የሱቁ ኃላፊ ኦድቢዮርን ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የመጣውን በተራው መመዝገብ፣ ገመዱ ያስቸገረውን መርዳት፣ ሰማንያ በመቶ የደረሰውን ደግሞ «ይበቃዎታል፣ ለሚቀጥለው ይልቀቁ» ማለት። ጉዱ ያለው እዚችው ላይ ነው። ሰው ሁሉ መቶን ማየት ይወዳል። መኪና ግን ከሰማንያ በኋላ እንደጠገበ ሕፃን ነው፤ ጡት ይዞ ያንቀላፋል እንጂ አይጠባም። አንዱ እስኪሞላለት ኋላ ያሉት ሦስቱ ይደርቃሉ።

የዛሬው ሐሙስ ደግሞ የባሰ ሆነ። ተራራው ላይ ከንጋት ጀምሮ በረዶ እየነፈሰ ስለሆነ መንገዱን ማለፍ የሚቻለው ከበረዶ መጥረጊያው መኪና ኋላ ተሰልፎ፣ በኮንቮይ ብቻ ነው። የመጨረሻው ኮንቮይ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ እስከ ነገ ይዘጋል። የመንገድ ሠራተኞቹም ከሃምሳ በመቶ በታች የያዘ መኪና አናሳልፍም ብለዋል። ተራራ ላይ ተቀርቅሮ ማሞቂያ የሚጠፋበት ሰው አይፈልጉም። አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ የሚሠሩት አምስት ቻርጀሮች ናቸው፣ ብርዱ ባትሪውን ሁሉ አስንፎታል።

ሰባተኛዋ ተረኛ ቦርግሂል የምትባል አሮጊት ናት፤ መኪናዋ ትንሽና አሮጌ፣ ባትሪዋ አሥራ አራት። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ኤልድሪድን ጠራቻት።

«የኔ ልጅ፣ እደርሳለሁ ትያለሽ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም። መድረስ ግድ ነው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከተራራው ማዶ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምመታው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የላቸውም። አንድ ጊዜ ቄሱ ራሱ ሞክሮ ነበር» አለችና ፊቷን አጨማደደች፣ «ሰዉ እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም።»

ኤልድሪድ ሳቀች። ዞር ስትል ግን ዓይኗ አራት ቁጥር ላይ አረፈ። ነጭ ቫን። በመንደሩ ነጭ ቫን ያለው ማን ነው? የሱቁ ዕቃ ማመላለሻ ነጭ ነው። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ተራራው ቤቶች ዕቃ ያደርሳል። ሹፌሩ ደግሞ ራሱ ኦድቢዮርን።

ቲሪልን ያገኘቻት መንገዱ ዳር ቆማ፣ ብርቱካን እየላጠች ነው። ቲሪል ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋውን ሳይሆን መንገዱን ነው የምታየው።

«ቲሪል፣ አራት ቁጥርን ማን ነው ሸፍኑት ያለሽ?»

«ኦድቢዮርን ነዋ።»

«ጠዋት ደውዬ አረጋገጥኩ አላልሽኝም?»

«ሁለቱንም። እሱ ነገረኝ፣ እኔ ደወልኩ። ጠጋኙ ነገ ይመጣል።» አንድ ፍልቃቂ ወደ አፏ ወረወረች። «ምን ሆነሻል? አታካብጂ።»

«ሰዉ ለቫኑ ነው የደበቃችሁት እያለ ነው።»

ቲሪል ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ይበል። ሰዉ የማይለው ነገር አለ?»

ኤልድሪድ ተመልሳ ስትሄድ በልቧ ኦድቢዮርንን እየከሰሰችው ነበር። ለካ እንደ ዛፍ ጥላ ደግ የሚመስል ሰው እንዲህ ነው! ትናንት በነጻ ቋሊማ ያበላቸው ለዚህ ይሆን? አራት ቁጥር አጠገብ ስትደርስ ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ አለች፣ የላስቲኩንም ጫፍ ገለጥ አደረገች። ውስጡ ትንሿ መብራት ቁልጭ ብላ አረንጓዴ ትበራለች። የቻርጀሩ ስክሪን ላይ «ዝግጁ» ይላል።

ጓንት የለበሱ ጣቶቿ ላስቲኩን እንደያዙ ቀሩ። ጠዋት ይህንን ላስቲክ ከላይ ቲሪል ስትጎትት ከታች የያዘችላት፣ ማሰሪያውንም ቋጠሮ አድርጋ ያሰረችው ራሷ ኤልድሪድ ናት።

ምናልባት መብራቱ ይበራል እንጂ ገመዱ ኃይል አይሰጥ ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረችና ዓምዱ ላይ ወደተለጠፈው የቻርጀር ድርጅቱ ስልክ ደወለች። ብዙ ጠብቃ አንዲት ሴት አነሳች።

«አራት ቁጥር? እኛ ጋ ጤነኛ ነው የሚለው» አለች ሴትየዋ። «የተበላሸ ብሎ የደወለም የለም። ምነው፣ እምቢ አለ?»

«አይ» አለች ኤልድሪድ። «አመሰግናለሁ።»

ስልኩን ኪሷ ከተተችና በኋላው በር ወደ ሱቁ ገባች። ኦድቢዮርን የእንቁላል ሳጥን እየደረደረ ነበር። ፊቱን እያየች እንዴት እንደምትጀምር ስታስብ እሱ ቀደማት።

«ያ ቻርጀርስ? ጠጋኙ መቼ እንደሚመጣ አልነገሯችሁም? ሰባት ሰዓት ላይ ዕቃ ላደርስ ነበር፣ ቫኑ ባትሪው ሃያ ነው። ትናንት ማታ ትንሽ ሰክቼው ነበር፣ አልበቃውም። እንግዲህ ዛሬ ሰው በራሱ መጥቶ ይውሰድ።»

«አንተ አይደለህም እንዴ ሸፍኑት ያልከው?»

«እኔ? እናንተ አይደላችሁ እንዴ ተበላሽቷል ያላችሁኝ? ቲሪል ጠዋት መጥታ ነገረችኝ፣ ላስቲኩንም ከኔው ወሰደች።» ሳጥኑን አስቀመጠና አያት። «ምን አለ?»

«ምንም» አለች ኤልድሪድ፣ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷን ገረማት።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አምስቱም ቻርጀሮች ገና አዲስ መኪና ይዘዋል። በዚህ ብርድ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ቶርሞድ ነው፣ ቀጥሎ ቦርግሂል። ኤልድሪድ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራችው። ቦርግሂል አትደርስም።

ቲሪልን በክንዷ ይዛ የባዶ ጠርሙስ ማጠራቀሚያው ኋላ ወሰደቻት።

«ውሸታም ነሽ።»

«ምን?»

«ይሠራል። ደውያለሁ። ኦድቢዮርንንም ጠይቄዋለሁ። እኔ ደግሞ እንደ ፋራ ቆሜ የሰው ስድብ እጠጣልሻለሁ። ለማን ነው ያስቀመጥሽው?»

ቲሪል መጀመሪያ ልትስቅ ሞከረች። ሳቁ አልመጣላትም። «ለእማዬ» አለች።

የቲሪል እናት ሁለት ዓመት ሆኗታል ተራራውን ሳያቋርጡ ወደሚኬድባት በርገን ከተማ ከሄደች። እዚያ ሆስፒታል ነርስ ናት። ቲሪል ከአባቷ ጋር ቀረች።

«ዛሬ ትመጣለች። ማታ ሥራ ስላላት አሥር ሰዓት ላይ መመለስ አለባት። በክረምቱ ዕረፍት የመጨረሻ ቀን የመጣች ጊዜ ታስታውሺያለሽ? ሦስት ሰዓት ነበራት። ሁለቱን ሰዓት እዚህ ወረፋ ላይ ጨረሰችው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሰዓቷን ስታይ። ኬክ ጋግሬ ነበር። ቆማ ነው የበላችው።» ድምጿ ቀጠነ። «እንደመጣች ትሰካዋለች፣ ቤት እንሄዳለን፣ በቃ። አራት ሰዓት ከተነሳች እኮ አሁን ትደርሳለች። ሃያ ደቂቃ ብቻ ስጪኝ። በሃያ ደቂቃ ማን ይሞታል?»

ኤልድሪድ ኬኩን ታስታውሳለች። የተረፈውን በማግስቱ ትምህርት ቤት አምጥታው አብረው በልተውታል፤ ቲሪል ስለ እናቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

«አሮጊቷ አትደርስም» አለች በመጨረሻ። «ኮንቮዩ አይጠብቃትም።»

«ነገ ትሂድ!»

«ነገ ምን ትሠራለች? የሚጠብቋት ዛሬ ነው።»

«እሺ እኔስ?»

ኤልድሪድ ትንሽ ጠበቀች፤ ምናልባት ቲሪል ራሷ ሄዳ ታነሳዋለች ብላ። ቲሪል ግን እጇን ሰደሪያው ውስጥ ከታ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመረች። ስለዚህ ኤልድሪድ ብቻዋን ሄደች። በጠዋት ያሰረችው ቋጠሮ በረዶ ይዞ ድንጋይ ሆኗል፤ ጓንቷን አውልቃ በጥፍሯ ፈታችው። ላስቲኩ ሲወርድ በወረፋው ላይ ያሉት በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ።

«ቶርሞድ! ተራው የእርስዎ ነው።»

ቀይ ኮፍያው እየተንጎራደደ መጣ። የቻርጀሩን ስክሪን አየ፣ እሷን አየ። «ጠጋኝ ሲመጣ አላየሁም።»

«አልመጣም።»

«ታዲያ በጸሎት ነው የዳነው?»

ሰው ሁሉ ያዳምጣል። ቦርግሂልም መስኮቷን ዝቅ አድርጋለች። ኤልድሪድ «ተሳስተን ነው» ልትል ትችል ነበር። ጣቷን ዘርግታ ወደ መንገዱ ዳር ልትጠቁምም ትችል ነበር።

«ድሮም ጤነኛ ነበር» አለች። «እኛ ነን የሸፈንነው። ላስቲኩን ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«አላልኩም?» አለ ቶርሞድ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «አላልኩም ወይ? ይህ ነገር ኃላፊያችሁ ጆሮ ይደርሳል።»

«ይድረስ። እስከ ሰማንያ ነው፣ ከዚያ ይለቃሉ።»

ቶርሞድ ሰካ። ክንዱን አጣምሮ ቁጥሩ ላይ አፈጠጠ። ሰባ አምስት፣ ሰባ ስምንት። ሰማንያ ሲል ኤልድሪድ ቀረበች፤ ጭቅጭቅ ጠብቃ ነበር። ሰውዬው ግን ሳትናገረው ገመዱን ነቀለና በቦታው ሰቀለው። «እኔ ሥርዓት አውቃለሁ» አለ፤ ደግሞም እውነቱን ነው። መኪናውን ዳር አቁሞ ወደ ሱቁ ገባ።

ቦርግሂል ሰባት ሰዓት ከስድስት ላይ ተሰካች። ማሞቂያውን አጥፍታ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መሪው ላይ በጣቶቿ የሆነ ዜማ ትመታለች። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ሃያ። ሃያ ስድስት። ኤልድሪድ ቆማ የሰው ባትሪ ስትቆጥር ብርዱን ረሳችው።

የቲሪል እናት መኪና ብቅ ያለው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰማያዊ ነው፣ ጎኑ በመንገድ ጨው ነጥቷል። እናቲቱ ወርዳ ልጇን አቀፈቻት፤ ረጅም አቀፈቻት። ከዚያ በልጇ ትከሻ አሻግራ ወረፋውን አየችው፣ ፊቷም ተለወጠ።

ኤልድሪድ ሰሌዳውን አውጥታ የእናቲቱን ስም ጻፈች። ዘጠነኛ። በእርሳስ ነው፤ ሦስተኛ ቢደረግ ማንም አያውቅም። የዘጠኝን ጭራ ለአፍታ አየቻትና ሰሌዳውን ብብቷ ሥር አደረገች።

«ሰደሪያሽን አምጪው» አለቻት ቲሪልን። «ስድስቱንም እኔ እይዛለሁ። መኪናው ውስጥ አብረሽ ተቀመጪ። ተራችሁ እስኪደርስ ወደ አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

ቲሪል ሰደሪያውን አውልቃ ሰጠቻት፤ ወይም ጣለችባት ማለት ይቀላል። ሰማያዊው መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። በመስታወቱ ውስጥ እናቲቱ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እግሯን ወንበሩ ላይ ስታወጣ ይታያል። ቲሪል ስታወራ እጇ ይንቀሳቀሳል፤ ወደዚህ ግን አንዴም አልዞረችም።

ለስምንት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ቦርግሂል ሃምሳ አራት ይዛ ወጣች። «ይብቃኝ» አለች፣ ጥሩምባዋን ጢጥ አድርጋ፣ ከበረዶ መጥረጊያው ኋላ ወደሚሰለፉት ሄደች። ኤልድሪድ ቀጣዩን ጠራችና አራት ቁጥር ላይ አስገባችው።

ያኔ የሱቁ የኋላ በር ተከፈተ። ኦድቢዮርን ያለ ካፖርት ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ፤ ከኋላው ቀይ ኮፍያ ይታያል። የኦድቢዮርን ዓይን በግቢው ውስጥ ዞረ፤ ባዶውን ላስቲክ፣ ሰማያዊውን መኪና፣ ሁለት ሰደሪያ የያዘችውን ልጅ። ከሁለቱ የትኛዋን እንደሚጠራ ገና አልወሰነም።

ኤልድሪድ የቲሪልን ሰደሪያ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችና፣ ሳይጠራት ወደ እሱ መራመድ ጀመረች።