ሦስት እርምጃ

ቬሉቻሚ የአሮጌውን ቤተ መቅደስ መብራቶች እየዞረ ማብራት ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዘጠኙን ዓመት በአንድ ደህና ጉልበት ብቻ። ዛሬም አመሻሽ ላይ የዘይት ማሰሮውን አንጠልጥሎ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ሚስቱ ፖናማል አበባ ከምትሸጥበት ትልቁ በር ደረሰ።

«ቀንድ አውጣው ቀድሞዎት ገባ እኮ» አለችው፣ ከምትጎነጉነው አበባ ቀና ሳትል።

«እኔም እንደዚያ ውስጥ እንዳለው ድንጋይ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሰው ዘይት ቢያፈስልኝ ምናለበት፣ አንቺ ሴት?»

«ቁጭ ካሉማ ማን ሊያስነሳዎት! ቶሎ ይውጡ፤ ብቻዬን ቤት አልገባም።»

ከበሩ ወዲያ ሰፊው ባለ ዓምድ አዳራሽ፣ ከሱ ወዲያ ጠበብ ያለው፣ መጨረሻ ላይ መስኮት የሌላት ትንሽ ክፍል አለች፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ጣሪያው ዝቅ፣ ጨለማው ወፈር፣ የሌሊት ወፍ ኩስና የከረመ ዘይት ሽታው ጠንከር ይላል። በክፍሏ የነበረው የአምላክ ምስል በአያቶች ዘመን ወደ ሌላ መቅደስ ስለተወሰደ፣ ዘይት የሚፈስለት ባዶው የድንጋይ መቀመጫ ነው። ዙሪያዋን ጠባብ መተላለፊያ ከቧታል። ሰው ክፍሏን በቀኙ አድርጎ ይዞራል፤ በግራው አድርጎ የሚዞር ሬሳ የተሸከመ ብቻ ነው።

ቬሉቻሚ ዙሩን ጨርሶ ዘወር እንዳለ የመጨረሻው ጥግ መብራት ጠፋ። ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ በደንቡ ግን ሙሉውን ዙር እንደገና መሄድ አለበት። ጉልበቱን ዳበሰ። «ማን ያየኛል» ብሎ ተመለሰ፤ ደክሞት እንጂ ደፍሮ አይደለም።

ሦስት ረገጠ፤ ጥጉ የለም። ዐሥር ረገጠ፤ ግድግዳው በግራው በኩል ቀጠለ፣ እንደ ሰው ብብት ሞቅ ያለ። ከወዲያኛው ዙር፣ በትክክለኛው አቅጣጫ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ኮቴ ተሰማ። ቬሉቻሚ ቆመ፤ ኮቴው አልቆመም።

ሸሽቶ መጀመሪያ ባገኘው በር ገባ። ጉልበቱ ከዳው፤ በእጁ የዳሰሰው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ለአፍታ ብቻ። ሕመሙ ለቀቀው፤ ቀጥሎ እግሩ ራሱ የት እንዳለ ጠፋው፤ ማሰሮውም ከእጁ የለም። ውጭ የሚመጣው ኮቴ መጎተቱን ተወ።

በሩ ላይ ብርሃን ታየ። ማሰሮው የራሱ ነበር፤ የያዘው እጅም። ዘይቱ ቀዝቀዝ ብሎ ከአናቱ ወደ ዓይኑ ወረደ፤ የሚጠርግበት እጅ አላገኘም።

ብርሃኑ በአዳራሾቹ በኩል ራቀ፤ ከትልቁ በርም የፖናማል ሳቅ መጣ፦ «እሰይ! ዛሬስ ሳያነክሱ መጡልኝ፤ በሉ ወደ ቤታችን።»