ከቁርጥራጭ ብረት የገዛሁት ዲናሞ

ባሌ ጥሎኝ አልሄደም።

ይሄን የነገረኝ ሰው አይደለም። ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ የገዛሁት አሮጌ ዲናሞ ነው።

እውነት ነው። የማያምን አያንብብ... እኔም ለማሳመን ጊዜ የለኝም። የወንበር እግር አጣብቄ፣ ሙጫው እስኪደርቅ ነው የምጽፈው።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። ጎረቤቴ ልብስ እያሰጣች ትዘፍናለች። በዚያ ሰዓት ሰው ይፈራል ብትሉኝ እስቅባችሁ ነበር።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባሌ አናጺ ነበር። ታላቅ ወንድሙ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ እዚያ ቶርኖ ላይ ይሠራ ነበር። ቶርኖ ማለት እንጨቱን በዲናሞ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር፣ እያሽከረከረ የወንበርና የአልጋ እግር የሚያድቦለቡል ማሽን ነው።

አንድ ቀን ጠዋት በረደ። እኔ የሠራሁለትን ሹራብ ለበሰ።

«ማሽን ላይ እጅጌህን ሰብስብ» አልኩት።

«እሺ አንቺ ሴትዮ» አለኝ። ወጣ።

አልተመለሰም።

ማታ ዋርሳዬ፣ ያው ታላቅ ወንድሙ፣ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ «ሥራ በቃኝ ብሎ ወጣ። ከአንዲት ጋር አውቶቡስ ሲሳፈር አይተውታል» አለኝ። ይግቡ ብለው አልገባም።

አማቴ ደግሞ፣ «ልጄን በምላስሽ አባረርሽው» አለች።

ምላሴ ረጅም ነው፣ አልክድም። ስለዚህ አመንኩ።

ሸሚዞቹን ቀድጄ የመወልወያ ጨርቅ አደረግኳቸው። ልጄ «አባዬ የት ነው?» ስትለኝ፣ «አባትሽ ከሃዲ ነው» እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አልኳት።

ልጅ ግን ምሬት አይበላም። የቀረኝ የሱ መሮና መዶሻ ነው። ሲሠራ እያየሁ የለመድኩት አለ፤ የወንበር እግር በእጄ መቅረጽ ጀመርኩ። በእጅ ሲሆን ቀኑ ያልቃል፣ እግሩ አያልቅም። ቶርኖ ያስፈልገኛል። መግዛት የማይታሰብ ነው። ራሴ ልገጣጥም አልኩ።

ዋርሳዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የተጣለ ዲናሞ አይጠፋዎትም መቼም።»

ሠራተኞቹ ፊት ሳቀብኝ። «ቶርኖ የሴት ዕቃ አይደለም። አንቺ ክርሽን ጠቅልዪ።»

ክሩን ያነሳው በነገር ነው። ሹራብ ስሠራ ባሌ ሁለት እጁን ዘርግቶ ክሩን ይይዝልኝ ነበር። «ያዝልኝ» እላለሁ፣ ይይዛል፣ እኔ ልቃቂት እያደረግኩ እጠቀልላለሁ። ወንድሙ አንድ ቀን አየንና፣ «ሚስቱ በክር ያሰረችው በግ» እያለ በየሄደበት መሳቂያ አደረገው።

ባሌ ግን መያዙን አልተወም።

በቃ፣ ቁርጥራጭ ብረት ተራ ገባሁ። ለመቆሚያው የአሮጌ አልጋ ብረት አገኘሁ። ጎማውን ከተሰበረ የስፌት መኪና ነቀልኩ። ቀበቶው ያለቀለት ነው ግን ይሠራል። የቀረኝ ዲናሞ።

አንድ ሽማግሌ ዘንድ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አገኘሁ። ዋጋውን ሲነግሩኝ የተሳሳቱ መሰለኝ።

«አባባ፣ ይሄ ለምን ረከሰ?»

«እየገዙ ይመልሱታል።»

«ምን ሆነ ብለው?»

«ጉሮሮውን ይጠርጋል ይላሉ።»

«ዲናሞ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ደርቆ ነው። ግሪስ ቀቢው፣ ዝም ይላል።»

ርካሽ ያገኘ ሰው ጥያቄ አያበዛም። ተሸክሜው መጣሁ። የሰፈራችን በያጅ ከአልጋው ብረት ጋር በየደልኝ። «አንቺ ሴትዮ ነገ መኪና ትሠሪያለሽ» እያለ።

ሶኬቱን ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

«እህም... እህም...»

ከዚያ ማሽኑ ተነሳ።

ቀና ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። በሩን ያየሁት ለምን መሰላችሁ... ባሌ ቤት ሲገባ ደጃፉ ላይ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ሁለት ጊዜ። እህም፣ እህም።

ኩሽኔታ ነው አልኩ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሥራው ደግሞ ማር ነው። በእጄ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ እግር ወዲያው ይወጣል። ሰጋቱራው ፊቴ ላይ እየተረጨ ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ከዚያ የቀሚሴ እጅጌ ተፈታና ወረደ።

ማሽኑ ቆመ።

መብራት የሄደ መሰለኝ። የጎረቤቴ ራዲዮ ግን ይጮኻል። እጅጌዬን ጠቀለልኩ...

ተነሳ።

አወረድኩት። ቆመ።

ጠቀለልኩት። «እህም።» ተነሳ።

ሶኬቱን ነቅዬ ወጣሁ። የዚያን ቀን ተመልሼ አልገባሁም።

በማግስቱ ለራሴ ሳቅኩበት። የላላ ሽቦ ይኖረዋል፣ እጄ ሲነካው ይሆናል፣ ምናምን። ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ የቤቱን ሥራ ጨርሼ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ልፈታው ገባሁ።

ዲናሞውን ነካሁት። ሞቋል።

ሶኬቱ መሬት ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መሬት ላይ ነበር። ሙቀቱም የማሽን ሙቀት አይደለም... ሰው ተነስቶ የሄደበት ወንበር ዓይነት ነው።

ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁ። ዘንጉ ላይ፣ ኩሽኔታው ሥር፣ የክር ጫፍ ታየኝ።

ቢጫ።

ጎተትኩት። ወጣ። ግሪስ የለበትም፣ ጥቁረት የለበትም። ደረቅ፣ ንጹሕ ክር። ትንሽ እንደጎተትኩ ቢጫው አለቀና ግራጫ ተከተለ።

ቁጭ አልኩ።

የባሌን ሹራብ ስሠራ ግራጫው ክር አልበቃኝም ነበር። የግራ እጅጌውን ጫፍ በቢጫ ጨረስኩት። «አሳፈርሽኝ» እያለ ይስቅ ነበር። እንዲህ ያለ እጅጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ብቻ።

ደግሞ አዲስ ክር ቀጥ ያለ ነው። የተተረተረ ሹራብ ግን እንደተሠራ ይቀራል፤ ይሽበለላል። ይሄ የተሽበለለ ነው።

መጎተቴን አልተውኩም። እየጎተትኩ ጠቀለልኩ። ልቃቂቱ እንቁላል አከለ... ከዚያ ብርቱካን... ከዚያ የልጅ ራስ አከለ። ኩሽኔታው ሥር ጣት የሚያስገባ ቦታ የለም። ክሩ ግን ይወጣል።

አላለቀስኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ የረገምኩት ሰው ነው በእጄ ያለው። በምን አፌ ላልቅስ?

ያን ጊዜ በሩ ተገፋ።

ዋርሳዬ ነው። በያጁ ወሬኛ ነው፤ ነግሮታል ማለት ነው። ካፖርቱን እንደለበሰ ገባ። አረንጓዴውን ዲናሞ አየና እግሩ ተተከለ።

«የጣልኩትን... ከየት አመጣሽው?» ድምፁ በጭንቅ ነው የሚሰማው።

«ከቁርጥራጭ ብረት።»

«የተሻለ እሰጥሻለሁ። አዲስ። ይሄን ልውሰደው።»

«የሴት ዕቃ አይደለም ብለውኝ አልነበር?»

«ቀልዴን ነው እኮ... አንቺ ደግሞ።»

ልቃቂቱን አየ። ቢጫው ጫፍ ተንጠልጥሏል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የወንድምዎ እጅጌ።»

ምን ማለትሽ ነው አላለኝም። ንጹሕ ሰው ይጠይቅ ነበር።

ግድግዳውን ተደግፎ ላቡን ጠረገ። «አይሰማም ነበር» አለ። «እጅጌህን ሰብስብ ስለው... ከልጅነታችን ጀምሮ አይሰማም። ማሽን ሰው በላ ቢባል ሥራ ቤቱን ይዘጉብኝ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ልጆች አሉት። አንቺም ብትሆኚ...»

«የት ነው?»

ዓይኑን ከዲናሞው ላይ አላነሳም።

«ጋሼ። የት አደረጉት?»

ውጭ ጎረቤቴ ዘፈኗን አቋርጣለች።

ልቃቂቱ ተንቀሳቀሰ።

ጠረጴዛው ላይ አንዴ ዘለል አለ። ቆመ። ደግሞ ዘለል...

ክሩ ወደ ዲናሞው እየተመለሰ ነው። ቀስ... ቀስ... ሰው ልብሱን ወደ ራሱ እንደሚሰበስብ። ሁለታችንም ሶኬቱን አየን። መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ቁረጪው» አለ በሹክሹክታ። «መቀስ... ቁረጪው በእናትሽ!»

መቀሱ አጠገቤ ነበር።

«እህም...» አለ ዲናሞው። «እህም።»

«እጅህን ዘርጋ» አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

ለምን እንደታዘዘኝ አላውቅም። ፊቱ አመድ መስሎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ልክ ወንድሙ ይዘረጋ እንደነበረው።

«ያዝልኝ።»

ቢጫውን ጫፍ ሁለቱም አንጓው ላይ ጠመጠምኩና ቋጠርኩት። ልቃቂቱ እየተፈታ አለቀ።

ያ የተሽበለለ ክር... ከዲናሞው እስከ አንጓው ተወጥሮ ቀጥ አለ።

እጄን በሽርጤ ጠረግኩ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁና ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄድኩ።