የሞተሩ ጠበል

ሞተር ብስክሌቱ ተነሣ፤ ግቢውን በጭስ ሞላው፤ ዶሮዎቹን በትኖ አጥር ሥር አስገባቸው። ውድነህ እጁን ከነዳጅ መስጫው ላይ እንዳላላ ግን ሁለቴ አስነጥሶ ጸጥ አለ።

«አየሽው? ነዳጅ ስሰጠው ሸጋ አድርጎ ይሠራል። ስለቀው ድርግም!» አለ ወደ እህቱ ዞሮ። «ሚኒሞ የሚሉት ይኼ ነው። ቆሞ መተንፈስ አቃተው ማለት ነው።»

ደብሪቱ ካቻቢቴና ፒንሳ ታቅፋ ቆማለች። «እህ» አለች። ሞተሩን ምን እንደነካው የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

ውድነህ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ድሬሰር ነው። ፈንጣጣ ለመክተብ አምባ ጊዮርጊስ እየወጣ የሚመለስበትን ሞተር መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው ገና ሁለት ወሩ ነው። መንዳቱን አዘዞ ሜዳ ላይ እየወደቀ ተምሮታል። ስለ ጥገና የሚያውቀው ግን ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ የሰማውን ያህል ነው፤ ይህም ሆኖ እጁን ከመስደድ አላገደውም።

«መጀመሪያ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ነው የሚያዩት» አለና ፈታው። ጥቀርሻ ለብሷል። በሽቦ ፈግፍጎ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መለሰው። ሞተሩ ተነሥቶ እንደገና ጠፋ። ቀጥሎ የሚኒሞውን ብሎን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ወደ ግራ አዞረ፤ መጨረሻ ላይ ብሎኑ መጀመሪያ የት እንደነበረ ጠፋበት። የአየር ማጣሪያውንም አውጥቶ አራገፈ። ከሸሚዙ መቆሸሽ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ደብሪቱ መሣሪያ በጠየቃት ቁጥር ታቀብለዋለች። ዐይኑን ግን አታየውም።

ነገሩ የሆነው ሰኞ ጠዋት ነው። እናታቸው ይመኙሽ ሞተሩ ግቢያቸው ከገባ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፤ ልጇ የወገራን ዳገት ሲንከባለል በሕልሟ ታየዋለች። እናም ከአቦ ጠበል አስቀድታ ጠርሙሱን ለደብሪቱ ሰጠቻት። «ሳይነቃ ሞተሩን ርጪልኝ። ድሬሰር ከሆነ ወዲህ በሁሉ ነገር ላይ ይሥቃል፤ እንዳትነግሪው» አለቻት።

ደብሪቱ መሪውን ረጨች፤ ጎማዎቹንም ረጨች። ጠርሙሱ ግን ገና አጋማሹ ላይ ነበር። ቆም ብላ አሰበች። ጠበል ለሰው ሲሆን መረጨት ብቻ ሳይሆን ይጠጣልም። ከላይ ብቻ ተረጭቶ ሆድ ውስጥ ካልገባ ምኑን ጠበል ሆነ? ሞተር ደግሞ የሚጠጣበት አፍ አለው። የቤንዚኑን ክዳን ከፈተችና «በስመ አብ» ብላ የቀረውን አንቆረቆረችው። ወንድሟን ከክፉ የጠበቀችው መስሏት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

በማግስቱ ሞተሩ መጥፋት ጀመረ። ይኸው ቅዳሜ ደረሰ፤ እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም።

ውድነህ አሁን የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ ጠርሙስ ደቀነበት። ጠርሙሱን ሞልቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ላቡን ጠረገ። ዞር ብሎ ሲያይ ዐይኑ ፈጠጠ። ከላይ ቤንዚን፣ ከሥር ደግሞ ሦስት ጣት የሚሆን ነገር ለብቻው ተለይቶ ተቀምጧል።

«አገኘሁት! ውሃ ነው! ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ አለ!» ብሎ ዘለለ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ነዳጅ ሻጩ ሰጠኝ ነው! ይኼ ሽማግሌ ውሃ እየቀላቀለ ነው የሚሸጥልን!»

ደብሪቱ ክው አለች። አያ ሰጠኝ አራዳ ገበያ ላይ ቤንዚን በበርሜል የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰላም የምትላቸው።

«ዝናብ ገብቶበት... ይሆናል እኮ» አለች።

«በጥር? ምን ዝናብ አለና?» ጠርሙሱን ወትፎ ተነሣ። «ደግ ጊዜ አገኘሁት። ገበያተኛው ሳይበተን አጋልጠዋለሁ!»

አሁን ልንገረው፣ ብላ አፏን ከፈተች። የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ያበላሸችው የገዛ እህቱ እንደሆነች ሲሰማ ምን እንደሚል ታያት። እናቷ «እንዳትነግሪው» ያለችውም ትዝ አላት። አፏን መልሳ ዘጋችና ተከተለችው። መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትረግም ሄደች።

አያ ሰጠኝ በርሜላቸው አፍ ላይ የሚስታቸውን አሮጌ ነጠላ አጥፈው ዘርግተው ለማሩ እየቀዱ ነበር። ማሩ በሊማሊሞ በኩል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ውድነህ፣ ጠርሙሱን ፊታቸው ላይ ደቅኖ።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «ውሃ ይመስላል፣ ልጄ።»

«ከእርስዎ የገዛሁት ቤንዚን ነው!»

«ምነው ልጄ፣ ምነው? እኔ እኮ በነጠላ እያጠለልሁ ነው የምሸጠው። ጉድፍ እንኳ አላሳልፍ።»

«ጉድፉን ይዞ ውሃውን ይለቃል እንግዲህ!»

ሰው ተሰበሰበ። ማሩ እንስራ የሚያህል ቆርቆሮውን አንሥቶ የተቀዳለትን ቤንዚን ወደ በርሜሉ ገለበጠው። «ለካ ባለፈው ዳገቱ መሐል ያስቆመኝ ይኼ ኖሯል» አለ። መኪናውን ያስቆመው የተቀደደ ጎማ እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ግን ለማንም ትዝ አላለውም። «እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር» የሚል ሌላ ድምፅ ተነሣ። ማሩ ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ ሄደ።

አያ ሰጠኝ አልጮኹም። «እንዲህ ከሆነ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ልደታ ደጅ ቆሜ እምላለሁ» አሉ።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ የማለ ሰው፣ በእውነት ቢምልም፣ ከዚያ በኋላ ከብቱ ቢሞት፣ የልጅ ልጁ ቢታመም «ምሎ ነበር እኮ» መባሉ አይቀርም። ደብሪቱ ይህን ታውቃለች። ሽማግሌውም ያውቁታል። «አባቴ በእውነትም ቢሆን አትማል ብሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ «ምን ላድርግ?»

ደብሪቱ ወደ ወንድሟ ጠጋ አለች።

«መሐላ ምን ያደርጋል? ኑ፣ በዐይናችሁ እዩ!» ውድነህ ውታፉን ነቅሎ ጠርሙሱን አዘነበለ። ቤንዚኑ አቧራው ላይ፣ የበቅሎ ፋንድያው መሐል ተንዶለዶለ። ቀጥሎ ከሥር ያለው ጠበል ሊፈስ ነው። ሰው በጫማው የሚረግጠው፣ ውሻ የሚተኛበት መንገድ ላይ።

«ተው! አትድፋው!»

የጮኸችው እሷ መሆኗን ያወቀችው ሁሉም ዞሮ ሲያያት ነው። ላብ አጠመቃት። ውድነህ ጠርሙሱን ቀና አድርጎ ትንሽ ካሰበ በኋላ ፊቱ በራ።

«እውነቷን ነው! ማስረጃ አይደለም እንዴ? ዳኛ ፊት የምናቀርበው ይኼንኑ ነው። ጎበዝ እህቴ!» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

አንዳንዱም ራሱን ነቀነቀላት። የጠየቃት የለም። ዝም ብትል ጎበዝ እንደተባለች ቤቷ ትገባለች፤ ሞተሩም ቤንዚኑ ተለውጦለት ይድናል። አያ ሰጠኝ ነጠላውን ከበርሜሉ አፍ ላይ አንሥተው ማጠፍ ጀምረዋል። ገና ቀትርም አልሆነ፤ መሸጫቸውን ሊዘጉ ነው።

ደብሪቱ ጠርሙሱን ከወንድሟ እጅ ወሰደች። «ምን ልታደርጊ ነው?» አላት። ሽማግሌው ፊት ሄዳ ቆመች።

«አያ ሰጠኝ፣ አይማሉ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ ደገመችው። «አይማሉ። ውሃው ከእርስዎ በርሜል አይደለም። የአቦ ጠበል ነው፤ ሞተሩ ውስጥ የጨመርሁት እኔ ነኝ።»

ውድነህ ከኋላዋ «ምን?» ሲል ሰማችው። ሽማግሌው ነጠላውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንዱ ሣቀ፤ ሌላው አማተበ። ደብሪቱ ግን ዐይኗ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ማሩ ቆርቆሮውን አንጠልጥሎ፣ ስለ ሽማግሌው የሰማውን ይዞ ወደ መኪና መቆሚያው እየወረደ ነው፤ እዚያ ደግሞ የዳባትም የደባርቅም ሾፌር ሁሉ አለ።

ጠርሙሱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ሮጠች።

«አያ ማሩ!» ብላ በመንገዱ መሐል ጮኸች። «አያ ማሩ፣ ይመለሱ! የምነግርዎት አለኝ!»