ሰባቱ ሲሊንደር በፎገራ ረግረግ

ጥቁር ዘይት የአውሮፕላኑን የፊት መስተዋት ሲሸፍነው አብራሪዋ ማስተዋል ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከፎገራ ሜዳ በላይ ነበረች። ሞተሩን አጠፋች። ከላይና ከታች በተደረቡት ክንፎች መካከል የተወጠሩት ሽቦዎች ብቻ ሲያፏጩ ተሰማት። ከታች ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ ሩዝ ነው። ከፍ ያለች አንዲት የግጦሽ መሬት አየች፤ አንገቷን በጎን መስኮት አውጥታ አውሮፕላኑን ወደዚያው አዘነበለች። ጎማዎቹ ሣሩን መቱ፣ ነጠሩ፣ ደግመው መቱና ቆሙ። ከብቶች ጭራቸውን ሰቅለው ፈረጠጡ።

ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ አማቷ መሪጌታ ተክለ ማርያም ይጠብቋታል። ልጃቸው፣ የእሷ ባል የኋላሸት፣ ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የለፋበትን አሮጌ አውሮፕላን አንድ ጊዜ ሊያዩት ፈልገዋል። የኋላሸት አውሮፕላኑ ሲበር ሳያይ ካቻምና ሞተ። ከቀብሩ ወዲህ ማስተዋል አማቷን ሸሽታ ኖራለች፤ ምን እንደምትላቸው አታውቅም።

የሞተሩን ሽፋን ከፈተች። የዘይቱ ቧንቧ ተሰንጥቋል። ፈትታ ይዛው ወደ ወረታ መንገድ ጀመረች።

ጉና ተራራ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያ የዘነበው ማታውን ርብንና ጉማራን ሞልቶ ሜዳው ላይ እንደሚወርድ ታውቃለች። ጭቃው ጫማዋን ዋጠው፤ በባዶ እግሯ ቀጠለች። አንድ ቦይ ውስጥ ወገቧ ድረስ ገብታ ሳለ ፊት ለፊቷ ውኃው አበጠ፤ የጉማሬ ራስ ብቅ አለ። ጆሮውን አራገፈና አያት። ቧንቧውን ከራሷ በላይ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሌላ። አውሬው አጉረምርሞ ሲጠልቅ በጉልበቷ እየዳኸች የቦዩን ዳር ወጣች። ልጮህ ብላ ነበር። ማን ሊሰማት?

እኩለ ቀን ላይ ወረታ ገባች። እንግዳው የተባለ የባጃጅ ጠጋኝ ቧንቧውን እያገላበጠ፣ «የምን ነው ይኼ?» አላት።

«የአውሮፕላን።»

ሳቀ፤ የጭቃ እግሯን አይቶ ግን መበየጃውን አነሣና በየደው። አንድ ጀሪካን ወፍራም የሞተር ዘይት ገዝታ፣ ጥርጊያ መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ ተመለሰች። ጠዋት ሜዳው ላይ ቁርጭምጭሚቷን የነካው ውኃ አሁን ጉልበቷ ደርሷል።

አውሮፕላኑ አፍንጫ ስር አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት በትር ተደግፈው ቆመዋል።

«ገላነሽ እባላለሁ። ከብቶቹ የኔ ናቸው። ያም ሩዝ የኔ ነው» አሉና በበትራቸው አሳዩዋት። ከሣሩ ጫፍ ጀምሮ ለጋ ሩዝ ተንጣሏል፤ በቀረው አቅጣጫ ሁሉ ውኃ ነው። «አንች በየት ልትወጭ ነው?»

«በዚያው ነው፣ እናቴ።»

«ሩዜን አትረግጭም! የዓመት ቀለቤ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነው የዘራሁት።»

ማስተዋል ሣሩን በእርምጃ ለካችው፦ ሦስት መቶ። ፋብሪካው ይህን የአውሮፕላን አካል ለብዙ ዓይነት ሞተር ነበር የሠራው፤ ገዢው እንደ አቅሙ ይመርጥ ነበር። የዚህኛው የሞዴል ፊደል ባለ ዘጠኝ ሲሊንደሩን፣ ሦስት መቶ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት ያለውን ነው የሚያመለክተው። ያ ቢኖር ሁለት መቶ እርምጃ ይበቃል። እሷና የኋላሸት ያገኙት ግን ባለ ሰባቱን፣ ሁለት መቶ ሃያ አምስቱን ነበር። ባለ ሰባቱ በዚህ ሣር ላይ አራት መቶ ይፈልጋል። አውሮፕላኑ ሩዙ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጭቃው ጎማውን ይዞ ይገለብጠዋል።

«ካቀለልኩት አልረግጥብዎትም» አለች።

ቧንቧውን ገጥማ ዘይቱን ሞላች፤ ግማሹን ነዳጅ ከታንኩ ቀድታ አወጣች። የመሣሪያ ሣጥኑን፣ የኋላውን መቀመጫ አወረደች። ገና ከባድ ነው። የቀረው በስተቀኝ ያለው ወንበር ነበር፤ የኋላሸት ቆዳውን በገዛ እጁ የሰፋው። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ቀበቶውን ሰው ያለበት ይመስል ዘግታው ትበር ነበር። አራቱን ብሎን ፈታች። ወንበሩን ግን አላነሣችውም።

ገላነሽ ጎንበስ ብለው ወንበሩን ያዙላት። «የባልሽ ነው?»

«እንዴት አወቁ?»

«የኔው ሰው ያረሰበት ድግር ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ ቆሞ ነበር። ስጭኝ፣ ከሌላው ዕቃ ጋር ከደረቅ ቦታ አስቀምጥልሻለሁ።» ሲሄዱም ዞር ብለው፣ «ሩዙ ጫፍ ላይ እኔ እቆማለሁ፤ የት እንደሚያልቅ እንድታይ» አሉ።

«ባይነሣስ?»

«እሸሻለሁ። እግር አለኝ።»

ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ጭስ ተፋ፣ ያዘ። ጉልበቱን ሁሉ ሰጥታ ፍሬኑን ለቀቀች። አፍንጫው ሰማዩን ብቻ ያሳያታል፤ ውኃ ከጎማዎቹ እየተረጨ ክንፉን ይደበድባል። መቶ። ሁለት መቶ። ጭራው ሲነሣ ገላነሽን አየቻቸው፤ ነጠላቸውን ታጥቀው እንደ ችካል ቆመዋል፣ አልሸሹም። ማስተዋል መሪውን አልሳበችም፤ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ጠበቀች። ከዚያ ሳበች። ጎማዎቹ ከሣሩ ተላቀቁ፤ ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ፤ የክንፉ ጥላ በሩዙ ላይ አልፎ ሄደ። አንድ ቡቃያ አልተነካም።

ከኋላዋ ጎርፉ ሜዳውን እየሸፈነ ነበር። ባዶውን ቀኝ ጎኗን አየች፤ ወለሉ ላይ አራት ቀዳዳ። ጮክ ብላ አለቀሰች፤ መሪውን ግን አልለቀቀችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር ደረሰች። መሪጌታ ተክለ ማርያም መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ መጡ፤ ገና ያልበረደውን ሞተር በእጃቸው መዳፍ ነካ አድርገው ቶሎ አነሡ። ባዶ እግሯን፣ ጭቃዋን አዩ።

«ብቻሽን መጣሽ፣ ልጄ?»

«ብቻዬን፣ አባባ። በጣም ብቻዬን ነበርኩ።» ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወጣት ቃል ነው።

ዝናቡ ሲጀምር ሁለቱም ክንፉ ስር ገቡ። ስለ የኋላሸት ከመጀመሪያው ቀን አንሥታ ትነግራቸው ጀመረች፤ እሳቸውም እያቋረጡ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይሏት ነበር።