የሦስተኛው ፎቅ ዘፈን

ኦስቫልዶን መጀመሪያ ያየሁት አባቴ መቃብር ላይ ተንበርክኮ ሲያለቅስ ነው።

በሙታን ቀን የከተማችን የፖንሴ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ተሸክመው መቃብር ቦታው ይመጣሉ። ለሞቱ ጓደኞቻቸው ይጫወታሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ ያለቅሳሉ። አብዛኛው ሰው የሚሰበሰበው ግን የዝነኛው ዘፋኝ የዳማሶ ኪኞኔስ የእብነ በረድ መቃብር ዙሪያ ነው። የአባቴ የጊታሪስቱ የኤላዲዮ መቃብር ጋ ከእኔና ከእናቴ በቀር ዞር የሚል የለም።

ስለዚህ ያንን ሱፍ የለበሰ ሰው ሳይ ሳቄ መጣ።

«ወንድሜ፣ ሟች ተሳስተሃል!» አልኩት። «ዝነኛው እዚያ ነው፣ ሰው የሚጋፋበት።»

ቀና አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«እዚያ ያለው አባቴ ነው» አለኝ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጫጫታው በዛብኝ... እዚህ ጸጥ ይላል።»

ይህ አናደደኝ። «ጸጥ የሚለውማ ማንም ስለማይመጣ ነው። ለማንኛውም አበባዬ ላይ ተንበርክከሃል፣ ተነስ!»

ደንግጦ ተነሳ፤ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን አበባ አየና ሳቀ። እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ልቤ የሄደችው ያኔ ነው።

ያደገው ባሕር ማዶ፣ ኦርላንዶ ከተማ ነው፤ የመጣው አባቱን ለማስታመም ነበር። ከቀበረው በኋላ ግን አልተመለሰም። በእኔ ምክንያት ቀረ።

ቤት ስወስደው እናቴ የማን ልጅ እንደሆነ ሰማች። ወዲያው ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው።

«የዚያ ሌባ ልጅ እኔ ቤት አይበላም!»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትይኛለሽ? አባትሽን የገደለው እኮ ነው!»

ኦስቫልዶ አልተቆጣም። «እማማ ካርሚን፣ ንገሩኝ፤ ልስማ» አላት።

ነገረችው። «ሦስተኛው ፎቅ» የሚለውን ዘፈን በደሴታችን የማያውቅ የለም፤ ሰርግም ቀብርም ላይ ይዘፈናል። ሸክላው ላይ ግጥምና ዜማው የዳማሶ ነው ይላል። እናቴ ግን ወጣት ሳለች ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አባቴን አናስገባም ሲሉት መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ዘፈነላት። ዳማሶ የልብ ጓደኛው ነበርና ዘፈኑን ሰምቶ በሸክላ አስቀረጸው፤ የራሱን ስም ጻፈበት። አባቴ ከዚያ ወዲያ ጊታር አልነካም፤ በዚያው ተብከንክኖ ሞተ።

«እስቲ ንገረኝ» አለችው እናቴ። «የዳማሶ ሚስት መቼ ፎቅ ላይ ተኝታ ታውቃለች? ቤታቸው እንኳ ደረጃ የለውም!»

ኦስቫልዶ አንገቱን ደፋ። ስሸኘው በሩ ላይ እጄን ያዘ።

«ሚግዳሊያ... ያን ቀን ጫጫታ ሸሽቼ አይደለም። አባቴ ሊሞት ሲል ‹ዘፈኑ የኤላዲዮ ነው፤ ሄደህ ይቅርታ ጠይቅልኝ› አለኝ።»

«ለማን ነግረሃል?»

«ካንቺ በቀር ለማንም።»

በጥፊ ልለው ይገባ ነበር፤ አቀፍኩት።

በጥር ወር አደባባዩ ላይ የዳማሶ ሐውልት ሊመረቅ ነበር። ንግግር የሚያደርገው ልጁ ነው።

«በሁሉም ፊት እናገረዋለሁ» አለኝ።

«ማልልኝ።»

«በፍቅራችን!»

እናቴ ልቧ ደክሞ ነበር። ስነግራት ግን ፀጉሯን አስቀባች፤ ሰማያዊ ቀሚሷን አስተኮሰችኝ። «የአባትሽን ስም አንዴ በማይክራፎን ልስማው... ሌላ ምንም አልፈልግ» አለች። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወሰድኳት።

ሐውልቱ ተገለጠ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኦስቫልዶ ማይክራፎኑን ያዘ። እናቱ ጥቁር ለብሳ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። እሷን አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ እንደገና እሷን አየ።

«አባቴ...» ብሎ እንደገና ጀመረ። «አባቴ ‹ሦስተኛው ፎቅ›ን የጻፈው... ለእናቴ ነው።»

አደባባዩ በጩኸት ተናጠ። ባንዱ ጀመረ። ያ ሁሉ ሰው የእናቴን ዘፈን እናቴ ጆሮ ላይ ዘፈነባት።

«ልጄ፣ ቤት ውሰጂኝ» አለች።

ኦስቫልዶ ተከትሎን መጣ። በር ላይ ነው ያቆምኩት።

«እናቴ ዓይን ዓይኔን እያየች አቃተኝ! ልቧ ይሰበራል ብዬ...»

«የኔም እናት እያየችህ ነበር።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ ሚግዳሊያ!»

«እኔማ ጊዜ አለኝ። የሌላት እሷ ናት።»

እናቴ ፋሲካን ሳታይ ሞተች።

ቀብሯ ላይ ጥቂት ጎረቤቶች ብቻ ነበርን። ሬሳው ሊወርድ ሲል የትሮምቦን ድምፅ ሰማን። ኦስቫልዶ የአባቱን ባንድ በሙሉ ይዞ መጣ፤ እናቱ ክንዱን ይዛለች።

«ይህ ዘፈን የኤላዲዮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የጻፈው ለካርሚን ነው። አባቴ ሰርቆታል፣ እኔም ዋሽቻለሁ!»

ተጫወቱ። ሽማግሌዎቹ ሙዚቀኞች እያለቀሱ ተጫወቱ። እናቱ ወደ እኔ መጥታ አቀፈችኝና በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ እኔ ከድሮም አውቅ ነበር። ምነው ያኔ በተናገረው!»

ልቧ ይሰበራል ብሎ የፈራላት ሴት እውነቱን ታውቅ ነበር። እናቴ በከንቱ ነው እንደተቃጠለች የሄደችው።

ከዚያ ጋዜጣው ጻፈ። የአባቴ ስም ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። በሚቀጥለው የሙታን ቀን መቃብሩ ዙሪያ መቆሚያ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው ስለ አባቴ ሲያወራ ቆሜ ሰማሁ። አንዳቸውም በሕይወት ሳለ በራችንን አንኳኩተው አያውቁም።

ያን ዕለት ኦስቫልዶ ቤቴ መጣ። ከስቷል።

«ሁሉንም አስተካክያለሁ፣ ሚግዳሊያ።»

«አስተካክለሃል። እሷ ግን አልሰማችም።»

«ይቅር አትይኝም?»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ባየሁህ ቁጥር የሚታየኝ ያ መድረክ ነው። እንዲህ ሆኜ ሚስትህ ልሆን አልችልም።»

«አትወጂኝም ማለት ነው?»

አልወድህም ማለት በቀለለኝ ነበር። ግን ቤታችንን የጎዳው ውሸት ይበቃ ነበር።

«እወድሃለሁ» አልኩት።

ፊቱ በራ። እንደዚያ እንደበራ በሩን ዘጋሁት። ማዶ ሆኖ ብዙ ቆመ፤ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር... አልከፈትኩለትም።